እመት ቀበሮ በአደራ የያዘችው ቀስት

አንድ ጊዜ፣ ነብር ከወንዙ ዳር አልነቀል ብሎ አራዊቱን ሁሉ ባስጨነቀበት በጋ፣ እመት ጦጣ ከወይራ እንጨት ቀስት ጠርባ ሠራች። ቀስት ስላችሁ እንዲያው እንደ ነገሩ የጎበጠ ዱላ እንዳይመስላችሁ! የነብሩን ጆሮ በፍላጻ በስታ ያባረረችው በዚሁ ቀስት ነው።

ከእመት ጦጣ ዛፍ ሥር ጉድጓድ ምሳ የምትኖረው እመት ቀበሮ ይህን ስታይ በደስታ አለቀሰች። ነብሩ ሁለት ልጆቿን በልቶባታል። የቀራት ማስረሻ የሚባል ቡችላ ብቻ ነው፤ አንድ ለእናቱ።

«መወርወሩ የእኔ፣ መንከባከቡ ያንቺ ይሁን» አለቻት እመት ጦጣ። «ማታ ማታ ጅማቱን አውርጂለት፤ ተወጥሮ የዋለ እንጨት ማረፍ አለበት። ጠዋት ጠዋት ሞራ ቀቢው፤ ከደረቀ ይሰበራል። ፀሐይም እንዳይመታው። አደራሽን!»

«ምን ቆርጦኝ እረሳዋለሁ! የልጄ ነገር አይደለም እንዴ?»

አንድ ሳምንት ሠራች። ከዚያ ሰለቻት። ብልጥ አይደለች? የሞራው ሽታ ስቦት አፍንጫውን እየነፋ የሚያልፈውን አያ ጅቦን ጠራችው።

«አያ ጅቦ፣ ሥራ ልስጥህ? ጠዋት ቀስቱን ሞራ ትቀባለህ፣ ማታ ጅማቱን ታወርዳለህ። ከቅቡ የተረፈው ሞራ ያንተ ነው።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «የተረፈው ሁሉ የእኔ?»

«ሁሉም!»

እመት ቀበሮ ጥላ ሥር ተጋድማ ሳቀች። ለቅንጣቢ ሞራ የሚለፋልኝ ቂል አገኘሁ፣ አለች በሆዷ። በየቀኑ ከተጋደመችበት ቀና ብላ ታያለች፤ ቀስቱ ያብለጨልጫል። ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ቀርባ ግን አንድም ቀን አልነካችውም።

አንድ ረፋድ ላይ ማስረሻ ከጉድጓዱ ወጥቶ ፌንጣ ሲያባርር፣ ነብሩ ከቁጥቋጦው መሀል ብቅ አለ።

«እመት ጦጣ! ኧረ ድረሽልኝ!» ብላ ጮኸች እመት ቀበሮ።

እመት ጦጣ ከዛፉ ዱብ አለች። ቀስቱን አፈፍ አድርጋ ፍላጻ ደገነች። ጅማቱን ሳበች። ቋ! ቀስቱ እጇ ላይ ለሁለት ተሰበረ።

እመት ቀበሮ ክው አለች። ነብሩም ቀስቱን አይቶ ለአፍታ ቆሞ ነበር፤ መሰበሩን ሲያይ ግን ቡችላውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ጫካው ውስጥ ገባ። በቃ፣ በዓይን ጥቅሻ! ማስረሻ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ኧረ ጉድ ነው ወገኖቼ፣ ሳወራው ራሱ ይዘገንነኛል።

«አንተ! ቀስቱን ምን አድርገህብኝ ነው?» እመት ቀበሮ ጩኸት ሰምቶ በመጣው በአያ ጅቦ ላይ ጮኸችበት።

አያ ጅቦ ግራ ገባው። «ምን አደረግሁ? የተረፈው ያንተ ነው ብለሽኝ የለ? ካልቀባሁት ሁሉም ይተርፋል። አንቺ ቀብተሽው የነበረውንም በየጠዋቱ ላስሁት፤ ዝም ብሎ ከሚባክን ብዬ።»

ያ ሁሉ ብልጭልጭታ የጅብ ምራቅ ኖሯል!

«ጅማቱንስ? ለምን አላወረድክም?»

«እሱማ ሞራ የለው፤ ምን ብዬ እነካዋለሁ?»

እመት ጦጣ ስብራቱን በጣቷ ዳሰሰችው። እንጨቱ እስከ ውስጡ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሌት ተቀን ተወጥሮ ከርሞ ጉልበቱ አልቋል። ቀና ብላ እመት ቀበሮን አየቻት።

«ለመሆኑ እኔ ቀስቱን አደራ ያልኩት ማንን ነበር?»

እመት ቀበሮ አፏን ከፈተች። አያ ጅቦን ልትል ነበር፣ ነብሩን ልትል ነበር።

«እኔን» አለች እያለቀሰች። «እናቱን።»

ከዚህ የምንማረው ሕይወታችንን የሚጠብቅልንን ነገር በየዕለቱ በገዛ እጃችን ካልተንከባከብነው በጭንቅ ቀን እጃችን ላይ እንደሚሰበር ነው።