ጥለቱን ወደ ላይ የለበሰው ሰው

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር መንክር መነጽራቸውን እያወለቁ። ተማሪያቸው ስንዱ ‹ጌት› (get) እና ‹ቴክ› (take) የሚባሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ፍቺ ከመዝገበ ቃላት ስትገለብጥ ሁለት ቀን ከርማ፣ «ከሁለቱ ብዙ ትርጉም ያለው የቱ ነው? እሱን ልሸምድድ፤ ፈተናው ደርሷል» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ሰውየው በልጅነቱ ወደ ባሕር ዳርቻ አገር ወርዶ እዚያው ጎለመሰ። እናቱን ግን አንድም ቀን ረስቷት አያውቅም። የጓሮዋ ጌሾ፣ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የምትልበት ድምፅ፣ ሁሉም ይመጣበታል። ናፍቆቱ አላስቀምጥ ሲለው ጓዙን ሸክፎ ተነሣ።

እንደ አባቱ ለብሶ ሊገባ ፈለገና መንገድ ላይ ከአንድ ሸማኔ ቤት ጎራ አለ። «ጋቢና ነጠላ፣ የትኛው ለብዙ ነገር ይሆናል?» አለው።

«ጋቢ ብርድ ይመክታል፣ ይነጠፋል፣ ሕፃን ይታዘልበታል። በነጠላ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙበታል፣ ሙሽራ ያጅቡበታል፣ ሐዘን ይቀመጡበታል፣ ትልቅ ሰው ፊት ያደገድጉበታል።»

ሰውየው በጣቱ ቆጠረ። ነጠላው በለጠ፤ እሱን ገዛ። ለየትኛው እንዴት እንደሚለበስ ግን አልጠየቀም።

ጥለቱ ያምር ነበርና እንዳይሸፈንበት ወደ ላይ፣ ወደ አንገቱ አዙሮ ለበሰውና የመንደሩን ዳገት ተያያዘው። እናቱ ደጇ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። የሚመጣውን ሰው ፊት አልለየችውም፤ ጥለቱን ግን ለየችው። በእኛ አገር እንዲያ የሚለብስ ሐዘንተኛ ነው። እሷ ደግሞ በሩቅ አገር ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነው። መርዶ ነጋሪ መጣ ብላ እንዝርቷን ጥላ ደረቷን መታች። «ወይኔ ልጄን!» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ እያለቀሰ ወጣ። ምስኪን፣ የገዛ ለቅሶው መሐል ደረሰ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

አሮጊቷ ፊቱን ዳበሰችው፤ አገላብጣ ሳመችው። ከዚያ ነጠላውን ከትከሻው ገፈፈችና ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ መልሳ አለበሰችው። «እንዲህ ነው ልጄ» አለችው። ከዚያ ወዲያ ተሳስቶ አያውቅም።

መምህሩ ወደ ስንዱ ዞሩ።

«አንቺም እንደዚያ ሰው በጣትሽ እየቆጠርሽ ነው። ይህኛው ቃል ቢበልጥ፣ ያኛው ቢያንስ ምን ይረባሻል? ሁለቱንም ይዘሽ ወደ ሰው ሂጂ፤ አውሪባቸው። መሳሳትሽ አይቀርም፤ እኔም በጉርምስናዬ ስንቱን አስደንግጫለሁ። ግን የቃሉ ባለቤቶች ከትከሻሽ ገፈው ያስተካክሉልሻል። መዝገበ ቃላት፣ ልጄ፣ ይቆጥርልሻል እንጂ አያለብስሽም።»