ያዘመመው የግዛቸው ግድግዳ

ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ አንድ ትንሽ ነገር የፈለገች ሴት ነበረች። ስሟ ደብሪቱ ነው። ባሏ ሽብሩ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ከያዘ ሰንብቷል። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ አልጋውን የሚያዞሩበት ቦታ የለም። ከአልጋው ራስጌ በኩል፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ግዛቸው የሚባል ሰው ቆልፎት የሄደ ባዶ ቤት አለ። የዚያ ቤት የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ክረምቱ ሥሩን ሲቦረቡረው ወደ እነደብሪቱ አዘመመ። ከወዲህ ቢነኩት ይወድቅባቸዋል፤ ከወዲያ እንዳይነኩት የሰው ቤት ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ደብሪቱ እጇን የባሏ ደረት ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። የፈለገችው ያ ግድግዳ እንዲፈርስ ብቻ ነው።

ቀበሌ ሄደች። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላት። «እማማ፣ ችግርዎ ይገባኛል። ግን ማዘጋጃ ቤቱ ቤቱን ካልተረከበው የሰው ንብረት ላይ ዶማ አላነሳም» አላት።

ቀበሌው አላፈርስም አለ፤ ግድግዳውም እንዳዘመመ ቆመ።

ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ባለቤት የሌላቸውን ቤቶች የምትከታተለው ሠራተኛ ግድግዳው ድረስ መጥታ አየች፤ አይታም ራሷን ነቀነቀች። «ሰውየው መጥፋቱን ፍርድ ቤት ካልወሰነ አንረከብም፣ እናቴ። ነገ መጥቶ ቤቴስ ቢለን ምን እንመልስለታለን?»

ማዘጋጃ ቤቱ አልረከብም አለ፤ ቀበሌው አላፈርስም አለ፤ ግድግዳውም እንዳዘመመ ቆመ።

ፍርድ ቤት ቀረበች። ዳኛው አዳመጧትና፣ «ሄዶ መቅረቱን የሚያውቅ ሰው ያምጡ። ምስክር ሳልሰማ የሰው ቤት ላይ አልወስንም» አሉ።

ዳኛው አልወስንም አሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱ አልረከብም አለ፤ ቀበሌው አላፈርስም አለ፤ ግድግዳውም እንዳዘመመ ቆመ።

የግዛቸው ጓደኛ ወንድይፍራው እዚያው ሰፈር ነው። ስሙን ስታነሳበት መሬት መሬት አየ። «እትዬ ደብሪቱ፣ መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ግን እህቱ እታለማሁ ዛሬም ትጠብቀዋለች። እሷ ሳትናገር እኔ ጠፍቷል ብዬ ልማል? አልመሰክርም።»

ወንድይፍራው አልመሰክርም አለ፤ ዳኛው አልወስንም አሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱ አልረከብም አለ፤ ቀበሌው አላፈርስም አለ፤ ግድግዳውም እንዳዘመመ ቆመ።

እታለማሁ ከወፍጮ ቤቱ በታች ነው የምትኖረው። ደብሪቱ ቁጭ እንኳን ሳትል ጉዳይዋን ተናገረች። የእታለማሁ ፊት ጠቆረ።

«ቤቱ ባለቤት የለውም ማለት ወንድሜ ሞቷል ማለት አይደለም? ይህን በአፌ አልናገርም!» ብላ በሩን ዘጋች።

እታለማሁ አልናገርም አለች፤ ወንድይፍራው አልመሰክርም አለ፤ ዳኛው አልወስንም አሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱ አልረከብም አለ፤ ቀበሌው አላፈርስም አለ፤ ግድግዳውም እንዳዘመመ ቆመ።

በማግስቱ ከባድ ዝናብ ጣለ። ከግድግዳው አናት ድንጋይ ተፈንቅሎ ጣሪያቸውን በሳና ከሽብሩ ትራስ አጠገብ ወደቀ። ደብሪቱ ጭቃውን ከፊቱ ጠረገችለት። «ዛሬስ ሄጄ የእታለማሁ እግር ላይ እወድቃለሁ» አለች።

«ተይ» አላት ሽብሩ፣ ቃላቱ እየተጎተቱ። «የግድግዳውን ነገር ተይውና ስለ ወንድሟ ጠይቂያት። ማን ጠይቋት ያውቃል?»

ደብሪቱ አፈረች። እውነትም የግዛቸውን ነገር አንድ ቀን አንስታላት አታውቅም። ተመልሳ ሄደችና እታለማሁ በሩን ስትከፍት፣ «ግዛቸው እንዴት ያለ ልጅ ነበር?» አለቻት።

 እታለማሁ ገባ በይ አለቻትና አወራች። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ሳቂታ ነበር። በበረሃ በኩል ሊሻገር ሄደ። «ለመጨረሻ ጊዜ ከድንበር ደወለልኝ፤ 'እታለም፣ መልሼ እደውላለሁ' አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያየኝ ወሬ ይለውጣል። ስሙን የጠራልኝ የለም።»

ደብሪቱ እጇን ያዘቻት። «ሞቷል በይ አልልሽም፣ እህቴ። ማን ያውቃል? አልመጣም በይ። እሱ እውነት ነው።»

«አልመጣም» አለች እታለማሁ ቀስ ብላ። ደግማም፣ «አዎ፣ አልመጣም» አለች።

እታለማሁ ተናገረች፤ ወንድይፍራው መሰከረ፤ ዳኛው ወሰኑ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ለጥፎ፣ ጠብቆ፣ ቤቱን ተረከበ፤ ቀበሌው ዶማና ገመድ ይዞ መጣ፤ ግድግዳውም ወደ ውስጥ ተስቦ ወደቀ።

አቧራው ሲበርድ እታለማሁ ከሰዉ መሀል ወጥታ ወደ ቤቱ ገባች። ባዶው ክፍል መሀል ቆማ አንዴ «ግዛቸው!» ብላ ተጣራች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ወንድይፍራው ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ። ግድግዳ ሲፈርስ ሊያይ የወጣው ሰፈርተኛም አንድ በአንድ እየመጣ ተቀመጠ። ለቅሶ ነው ብሎ የጠራቸው የለም።

ሽብሩ ከአልጋው ሆኖ ሰማ። «ማን ነው የሚያለቅሰው?»

«እታለማሁ ናት።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ሂጂ እንጂ!»

ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።