በበረዶ ላይ የተቆረጠ ደረጃ

ልጄ ትርሲት አንድ ማታ ለጸሎት ስጠራት እግሯን እየጎተተች መጣችና፣ «እማዬ፣ ትናንት ጸልየን የለም እንዴ? እግዚአብሔር ይረሳል?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። አጠገቤ አስቀምጬ ይህን ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ቤቱ ከትልቅ ተራራ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከተራራው ወዲያ። ስንት ዓመት ስለት ሲሳል ኖሮ ወንድ ልጅ ተወለደለት። የልጁ አርባ ቀን ሊሞላ ሲል ሰውየውን መሬት አልችለው አለ። ክረምቱ ወጥቶ ከታች አደይ አብቧል፤ ከላይ ግን ገደል ለገደል የሚሄደውን መንገድ የሸፈነው በረዶ ገና አልለቀቀም።

በክርስትናው ዋዜማ ዶማውን ይዞ ወጣ። በበረዶው ላይ እግር የሚቆምበት ደረጃ ሲቆርጥ ዋለ። ማታ ሲመለስ ሚስቱን፣ «እንዴት እንዳሳመርኩት! ዓይንሽን ጨፍነሽ ትሄጂበታለሽ!» አላት።

ጎህ ሳይቀድ ሊነሡ ሲሉ፣ «ዶማውንስ አትይዝም?» አለችው።

«ምን ሊያደርግልን? ጨርሼዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

«እንግዲህ ደረጃህ ያውጣን» ብላ ሕፃኑን አዝላ ተከተለችው።

ቦታው ሲደርሱ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። ቀን ከላይ የቀለጠው ውኃ ወርዶ ሞልቶታል፤ ሌሊት ደግሞ ውርጩ መስታወት አድርጎታል። ሰውየው በደስታው ሳያይ ረገጠ። ሸርተት! ቁልቁል ተምዘገዘገና ከገደሉ አፍ ላይ የጅባራ ግንድ አቅፎ ቀረ። ሚስቱ ጮኸች። በዚህ መሀል ከማዶ ደወል ተሰማ። ቅዳሴ ከገባ የልጁ ክርስትና ለዛሬ ቀረ፤ ያ ሁሉ ስለት፣ ያ ሁሉ ጉጉት።

«ተው እንመለስ» አለች።

እሱ እየዳኸ ወጣና የሾለ ድንጋይ አነሣ። ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ደረጃ እንደ አዲስ ፈለጠው።

«እርገጪ!»

ረገጠች። እግሯን ያዘላት።

«ያዘ! አየሽ፣ ያዘ!» እያለ ወደሚቀጥለው ሄደ። መዳፉ እየደማ ይስቃል።

«አንተ ሰው፣ ትናንት ጨርሻለሁ አላልክም?»

«ዝም ብለሽ እርገጪ እቴ!»

እንዲህ እየተባባሉ፣ እሱ እየፈለጠ እሷ እየረገጠች ተሻገሩ። ቁልቁለቱን በሩጫ ወርደው ቅዳሴ ሳይገባ ደረሱ። ልጁ ተጠመቀ፣ ቆረበም። የአባትየው እልልታ ከሴቶቹ በለጠ ይባላል።

«እንግዲህ ትርሲዬ፣ እግዚአብሔር አይረሳም» አልኳት። «ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ቆሞ ሲጠብቃቸው ነበር፤ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የሚሞላው የኛ ደረጃ ነው። የሰው ልብ ቀን ቀልጦ ያመሻል፣ ሌሊት ደግሞ ይረጋል። የትናንቱ ጸሎት ትናንትን አሻግሮናል፤ እሱም ተመስገን ነው። ዛሬን የምንሻገረው ግን ዛሬ በምንቆርጠው ነው።»

ራሷን ጭኔ ላይ ጣል አደረገች። እንቅልፍ ይዟት ይሁን እያሰበች አላወቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት አልቀሰቀስኳትም። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምኩ፤ በቀኜ በኩል የአንድ ሰው ቦታ ትቼ።