ሐይቁ ዋስ ይጥራ

ነገር ነገርን ይጎትታል፣ እምቢታም እምቢታን ይጎትታል። እንዴት አድርጎ እንደሚጎትት ስሙኝማ።

ባሕር ዳር ውስጥ ማስተዋል የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ እንጉዳይ ትባላለች፤ ገበያው ጥግ ባለች ሱቋ ልብስ ትሰፋለች። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጄ ብቻዋን ቤት ተዘግቶባት ከምትውል ብላ፣ ጣና ዳር በተከፈተው የልጆች የቀን ካምፕ አስገባቻት። ጠዋት ጎረቤታቸው ከራሷ ልጅ ጋር ትወስዳታለች፣ ከሰዓት በኋላም ትመልሳታለች። እንጉዳይ እስከ አስፋልቱ ትሸኛለች እንጂ ወደ ሐይቁ አትወርድም። ለምን እንደማትወርድ ማስተዋል ጠይቃ አታውቅም። አጎቷ አላምረው እሷ ሳትወለድ በሐይቁ እንደቀረ ግን ታውቃለች፤ እቤት ውስጥ ስለ እሱ አይወራም።

ካምፑ ደስ ይላል። ኳስ አለ፣ ሥዕል አለ፣ ዝናብ ሲመጣ አዳራሽ ተገብቶ እንቆቅልሽ ይባላል። ማስተዋል ግን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከዳር ራቅ ብሎ፣ ደንገሉ ከበቀለበት ዘንድ፣ ትልልቅ ነጭ ወፎች ይውላሉ። ከምንቃራቸው ሥር ከረጢት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ዓሣውን በእሱ ይዝቁታል አሉ። ጀልባዋ ልጆችን በየተራ ወደዚያ ትወስዳለች። ማስተዋል እነዚያን ወፎች ከቅርብ ማየት ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ወደ ጀልባዋ ሄደች። የሚነዷት አያ ስማቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ከውሃ ጋር የኖሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው።

«አያ ስማቸው፣ ወፎቹን ማየት እፈልጋለሁ። ይውሰዱኝ።»

«ጃኬትሽ የታለ ልጄ? የሚያንሳፍፈው?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው አላሳፍርሽም። ያን ጃኬት ያልለበሰ የንጉሥ ልጅም ቢሆን እዚህች ላይ አይወጣም።»

አያ ስማቸው ያለ ጃኬት አላሳፍርም አሉ፤ ማስተዋል ከዳር ቀረች።

ጃኬቶቹ ያሉት ትርንጎ ዘንድ ነው። ትርንጎ ብርቱካናማ ጃኬቶቿን ሽቦ ላይ ሰቅላ፣ ማሰሪያቸውን አንድ በአንድ እየሳበች ትፈትሻለች። አንዱ ማሰሪያ ላላ ካለ አውርዳ ለብቻው ታስቀምጠዋለች።

«እትዬ ትርንጎ፣ ጃኬት ስጪኝ።»

ትርንጎ የማስተዋልን የእጅ አንጓ ተመለከተች። «ሰማያዊው ሪባን የታለ? ውሃ የተፈቀደለት ልጅ እጁ ላይ ሪባን አለው። ሪባን ለሌለው ጃኬት የለኝም። ነገ ብትመጪም መልሴ ያው ነው።»

ትርንጎ ያለ ሪባን ጃኬት አልሰጥም አለች፤ አያ ስማቸው ያለ ጃኬት አላሳፍርም አሉ፤ ማስተዋል ከዳር ቀረች።

ሪባን የሚያስረው መምህር ደሳለው ነው፤ ፊሽካ ካንገቱ የማይለይ ወጣት። ማስተዋል እየሮጠች ሄደች። እሱ ግን በቅድሚያ ጠየቃት።

«ጀልባ ላይ ይቆማል?»

«አይቆምም ቲቸር።»

«ፊሽካ ሲነፋ?»

«የያዝኩትን ትቼ ወደ እርስዎ።»

«ነጎድጓድ ብትሰሚስ?»

«ወደ አዳራሽ። ዛፍ ሥር አይኬድም።»

«ጓደኛሽ ከጎንሽ ብትጠፋ?»

«ብቻዬን አልፈልጋትም። መጀመሪያ ለትልቅ ሰው እናገራለሁ።»

መምህር ደሳለው ሳቅ አለ። «አንድም አልሳትሽ። ግን ሲስተር መንበረ ጤናዋ ደህና ነው ሳይሉኝ አላስርልሽም። ሂጂና አናግሪያቸው።»

መምህር ደሳለው ያለ ሲስተር ቃል ሪባን አላስርም አለ፤ ትርንጎ ያለ ሪባን ጃኬት አልሰጥም አለች፤ አያ ስማቸው ያለ ጃኬት አላሳፍርም አሉ፤ ማስተዋል ከዳር ቀረች።

ሲስተር መንበረ አዳራሹ በር ላይ ተቀምጠው የአንድ ልጅ ጉልበት ያጥባሉ። ከጎናቸው የመድኃኒት ሳጥን አለ፣ የመጠጥ ውሃም አለ። ማስተዋል ቆማ ጠበቀች፤ ተራዋ ሲደርስ ነገሯን ተናገረች።

«ደህና ትመስያለሽ» አሉ ሲስተር። «ግን እኔ የማውቀው የማየውን ብቻ ነው። ሌሊት ትታፈናለች ወይ፣ ራሷን ስታ ታውቃለች ወይ፣ የማይስማማት መድኃኒት አለ ወይ፣ ይህን የምታውቀው እናትሽ ናት።»

«እኔ ልንገርዎት፤ ምንም የለብኝም።»

«አምንሻለሁ የኔ ልጅ። ቢሆንም ከእናትሽ አፍ ልስማው። ውሃ ላይ ትውጣ ማለትም የእሷ ፈንታ ነው፤ የእኔ አይደለም።»

ሲስተር መንበረ ያለ እናት ፈቃድ ቃል አልሰጥም አሉ፤ መምህር ደሳለው ያለ ሲስተር ቃል ሪባን አላስርም አለ፤ ትርንጎ ያለ ሪባን ጃኬት አልሰጥም አለች፤ አያ ስማቸው ያለ ጃኬት አላሳፍርም አሉ፤ ማስተዋል ከዳር ቀረች።

ማታ እቤት ስትገባ እናቷ የሰው ቀሚስ ይዛ ትሰፋለች። ማስተዋል ወፎቹን ነገረቻት፣ ምንቃራቸውን በእጇ እየሠራች አሳየቻት። እንጉዳይ ፈገግ ብላ ትሰማ ነበር። ጀልባ የሚለው ቃል ሲመጣ ግን የስፌት መኪናውን መርገጫ የሚረግጠው እግሯ ቆመ።

«አይሆንም።»

«እማዬ፣ ጃኬት አለ። ሪባን አለ። ሲስተር—»

«ሰምቻለሁ። በሬ የሚዋስ ሰው እንኳ ዋስ ይጠራል። እኔ ልጄን ለሐይቅ ያለ ዋስ ልስጥ? ሐይቁ ዋስ ይጥራልኝ፤ ያን ጊዜ እሺ እላለሁ።»

መኪናው እንደገና መንጫጨት ጀመረ።

በማግሥቱ ከዳር፣ ገመዱ ከተወጠረበት ወዲህ ቆመች። ከገመዱ ማለፍ ክልክል ነው። ጓደኛዋ አጠገቧ ስለነበረች በለሆሳስ ነው የጠየቀችው። «ዋስ አለህ?» ሐይቁ ድንጋዩን ላስ አድርጎ ተመለሰ እንጂ ምንም አላለም።

ሐይቁ ዝም አለ፤ እንጉዳይ ሐይቁ ዋስ ሳይጠራ አልፈቅድም አለች፤ ሲስተር መንበረ ያለ እናት ፈቃድ ቃል አልሰጥም አሉ፤ መምህር ደሳለው ያለ ሲስተር ቃል ሪባን አላስርም አለ፤ ትርንጎ ያለ ሪባን ጃኬት አልሰጥም አለች፤ አያ ስማቸው ያለ ጃኬት አላሳፍርም አሉ፤ ማስተዋል ከዳር ቀረች።

ማስተዋል አላለቀሰችም፣ አላኮረፈችም። ዝም ብቻ አለች። እናቷ ራት ስታቀርብላት ትንሽ ቀማምሳ ትተዋለች። እናት ደግሞ የልጅ ልቅሶ ትችላለች፣ የልጅ ዝምታ ግን አይቻላትም። ካምፑ ወላጆችን የሚጠራበት የቤተሰብ ቀን ሲደርስ እንጉዳይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጇን እጇን ይዛ፣ አስፋልቱን ተሻገረች። ማስተዋል የእናቷ እጅ ላብ እንዳለው ተሰማት።

ለመፍቀድ አልነበረም የመጣችው። በቀጥታ ወደ ሲስተር መንበረ ሄደች። «ልጄ ጤነኛ ናት፤ ምንም የለባትም። ግን ጀልባ ላይ እንዳትወጣ። ለምናችሁ ይሆናል፤ ልመናዋን ሰምታችሁ እንዳታሳፍሩብኝ ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«እሺ» አሉ ሲስተር። «እርስዎ ያሉት ይሆናል።»

እንጉዳይ ክርክር ጠብቃ ነበር። የሚከራከራት ስታጣ ምን እንደምታደርግ ጠፋትና፣ ከውሃው ራቅ ካለ አግዳሚ ላይ ልጇን አቅፋ ተቀመጠች። ጀልባዋ ልጆች ጭና ወደ ደንገሉ ሄዳ ነበር።

በዚህ መሃል አቶ ይበልጣል የሚባሉ አባት ደረሱ። ከተማው የሚያውቃቸው፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ትርንጎን «ለዚህ ልጅ ጃኬት ስጪው፤ ቶሎ እንሄዳለን» አሏት።

«ሪባን የለውም ጋሼ።»

«አባቱ እኔ ነኝ። በእኔ ኃላፊነት።»

«ያለ ሪባን አልሰጥም።»

ወደ መምህር ደሳለው ሄዱ። «ሲስተር ሳያዩት አላስርም» አላቸው፤ በትሕትና፣ ግን ንቅንቅ ሳይል። ወደ ሲስተር ሄዱ። «ይቀመጡ፤ ስለ ልጁ ልጠይቅዎት» አሏቸው ሲስተር። መቀመጥ አልፈለጉም። «እዚህ ቤት ሰው አይታወቅም ማለት ነው?» ብለው ወደ ዳር ተመለሱ። ጀልባዋ ስትደርስ አያ ስማቸውን ራሳቸውን ሊያናግሩ ነው።

ሲስተር አባትን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም አሉ፤ መምህር ደሳለው ያለ ሲስተር ቃል አላስርም አለ፤ ትርንጎ ያለ ሪባን አልሰጥም አለች፤ የተከበሩት ሰውም ከእነልጃቸው ከዳር ቀሩ። ማስተዋል ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እንጉዳይ ወደ አግዳሚው ጫፍ ተጠግታ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች።

ነፋሱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የጣና ነፋስ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ውሃው ጠቆረ፣ ደንገሉ ተኛ፣ ማዕበሉ ድንጋዩን ይደበድብ ጀመር። መምህር ደሳለው ፊሽካውን ነፋ። ዳር ላይ የነበሩ ልጆች ኳሱን እዚያው ትተው ወደ እሱ ሮጡ። ጀልባዋ ከሩቅ ብቅ ስትል አንድ ጊዜ ትታያለች፣ አንድ ጊዜ ትጠፋለች። የእንጉዳይ ጣቶች በማስተዋል ትከሻ ላይ ጠበቁ።

ጀልባዋ ቀረበች። አያ ስማቸው አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ አዙረው፣ ሳይቸኩሉ ያመጧታል። ልጆቹ ሁሉ ተቀምጠዋል፤ ማንም አልቆመም። ብርቱካናማው ጃኬት በየአንገታቸው ሥር ጥብቅ ብሏል። ትርንጎ ገመዱን ተቀበለች፣ መምህሩ አንድ በአንድ አወረዳቸው፣ ሲስተር ፎጣ ይዘው ቆሙ። ውሃ አራሳቸው እንጂ ምንም አልሆኑም።

ከዚያ መምህር ደሳለው ስም ይጠራ ጀመር። እያንዳንዱን «አለህ? ጓደኛህስ አለ?» ይላል። ልጁም የጓደኛውን እጅ አንሥቶ «አለ» ይላል። ሁሉም ተጠሩ። ሁሉም አሉ።

እንጉዳይ አለቀሰች። ማስተዋል እናቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም።

«ወንድሜ የሄደ ቀን» አለች እንጉዳይ፣ ለማንም ሳይሆን ለሐይቁ የምትናገር ይመስል፣ «ሐይቁ እንደ መስተዋት ነበር። ታንኳውን ሲገፋ ዳር የነበረው ሰው ሁሉ በርታ፣ ግባ አለው። እኔም እጄን አውለበለብኩለት። ነፋሱ ሲመጣ አላምረው የታለ ብሎ የጠራው ሰው የለም፤ እስኪመሽ ድረስ መጥፋቱን ያወቀ የለም። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ እምቢ፣ አትሄድም ያለው የለም።»

ሲስተር መንበረ ፎጣውን ለአንዱ ልጅ ትተው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። እጇንም ያዙ።

እንጉዳይ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አሻግራ ትርንጎን አየች፣ መምህሩን አየች፣ ጀልባቸውን የሚያስሩትን አያ ስማቸውን አየች። «እኔ ዋስ የምፈልገው ከሐይቁ ነበር» አለች። «ሐይቅ ዋስ የለውም። ዋሶቹ ለካ እናንተ ናችሁ። እግዜር ይስጥልኝ። በእምቢታችሁ እንዲህ የምደሰት አይመስለኝም ነበር።»

አቶ ይበልጣልም ከወዲያ በኩል ሰምተዋል። ከልጃቸው ጋር መጥተው ሲስተር ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ሲስተር፣ ይጠይቁኝ» አሉ፤ «ልጁን አንዳንዴ ሌሊት ያፍነዋል።»

ያን ቀን ከዚያ በኋላ ጀልባ አልወጣም። በሌላ ቀን፣ ዝናቡ ሌሊት ዘንቦ ጠዋቱ ጥርት ሲል፣ እንጉዳይ ሱቋን ሳትከፍት ልጇን ይዛ ወረደች። ሐይቁ እንደ ልማዱ ዝም ብሏል።

እንጉዳይ ፈቀድኩ አለች፤ ሲስተር መንበረ ቃል ሰጡ፤ መምህር ደሳለው ሪባን አሰረ፤ ትርንጎ ጃኬት አለበሰች፤ አያ ስማቸው ኑ ግቡ አሉ፤ ማስተዋል ከዳር ተነሣች።

«ለእናትም ቦታ አለ» አሉ አያ ስማቸው።

እንጉዳይ ወደ ትርንጎ እጇን ዘረጋች። ትርንጎ አንጓዋን አየት አደረገች። «ሪባንዎ የታለ እትዬ?» እንጉዳይ ሳቀች፤ ተመልሳም ሲስተር ፊት ተቀመጠች፣ መምህሩ ጀልባ ላይ ይቆማል ወይ ሲላት እንደ ተማሪ አይቆምም ብላ መለሰች፣ ሪባኗን አሳስራ፣ ጃኬቷን ለብሳ መጣች።

ወፎቹ ከተባለውም በላይ ነበሩ። አንዱ አንገቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲያወጣ ከረጢቱ ሞልቶ ይንጠባጠብ ነበር። ማስተዋል ለመነሣት ቃጣትና ትዝ ሲላት ተመልሳ ተቀመጠች። እናቷ ለረጅም ጊዜ ውሃውን ስትመለከት ቆየችና፣ «አላምረው» አለች ቀስ ብላ፣ «እህትህ መጣሁ። ይህች ልጄ ናት።» ማስተዋል የእናቷን እጅ ያዘች። ላብ አልነበረውም።

ሲመለሱ ማስተዋል ሁሉንም አመሰገነች። አያ ስማቸውን ስለ ጃኬቱ፣ ትርንጎን ስለ ሪባኑ፣ መምህሩን ስለ ሲስተር ቃል፣ ሲስተርን ስለ እናቷ ፈቃድ። እምቢ ስላሉኝ አመሰግናለሁ ማለት አፏ ላይ ግራ አጋብቷት ነበር፤ እነሱ ግን ገባቸው።

«እማዬ፣ ነገስ እንመጣለን?» አለች።

«እኔ ፈቅጃለሁ» አለች እንጉዳይ። «ሲስተርን ጠይቂ።»

«ነገም ደህና ከሆንሽ እኔ እሺ ብያለሁ» አሉ ሲስተር። «መምህሩን ጠይቂ።»

«ሪባንሽ እጅሽ ላይ ነው» አለ መምህሩ። «ትርንጎን ጠይቂ።»

«ጃኬትሽ ይደርቃል» አለች ትርንጎ። «አያ ስማቸውን ጠይቂ።»

አያ ስማቸው ሰማዩን ቀና ብለው አዩና፣ «እኔ ደግሞ» አሉ፣ «ነፋሱን ልጠይቅ።»

ተረቴ ከጀልባ ወረደ፣ ዳር ደረሰ። እምቢ ብለው ያቆዩንን ሁሉ ዕድሜ ይስጥልን።