የገንደ ሐርቡ በረኛ

ድሬዳዋ ውስጥ ሰርግ ተደግሶ፣ ዘፋኙ ከሐረር፣ ሽቶው ከጅቡቲ መጥቶ፣ ውሃ የሚቀዳ ሰው ግን ሳይታሰብ ሲቀር፣ አንድ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ይጠርግና አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። ሳሎኑን በመስተዋት አንቆጥቁጦ ጣሪያው ለሚያፈስበት ሰውም ትነገራለች። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ስልካቸው ላይ አጎንብሰው የፈረንጅ ተጫዋች እየመረጡ ቡድን የሚያዋቅሩ ወጣቶች፣ አጥቂ በአጥቂ ላይ ሲደርቡ ይሰሟታል። ሰምተው ይስቃሉ። የነሱ ስልክ ሳይታሰብ፣ ሰው በስሙ እየተጠራ ወዲህና ወዲያ በሚመደብበት ዘመን፣ ይህቺው አባባል የአንድ ሰው ልብ ሰብራ እንደተወለደች ግን የነገራቸው የለም።

ያን ጊዜ ባቡሩ ገና ያፏጫል። ገንደ ሐርቡ የሚባለው ሰፈር አሸዋማው ወንዝ ዳር ነበር። ክረምቱ አልፎ ጎርፉ ሲጎድል የወንዙ ሆድ የሰፈሩ ሜዳ ይሆናል። ሁለት ድንጋይ ወዲህ፣ ሁለት ድንጋይ ወዲያ፤ መስመር የለ፣ መረብ የለ። ዳር ላይ ካለው ሾላ ሥር አዴ መይራም ባጅያዋን ከፈላው ዘይት ውስጥ እየጣለች በወንፊት ታወጣለች። ከሥራ የወጣ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሱሪውን ጠቅልሎ እዚያ አሸዋ ላይ ይወርዳል። ወደ ማታ ነፋስ ሲነሳ የሞቀ አሸዋና የበርበሬ ሽታ ቀላቅሎ ያመጣል። እዚያ ያደገ ሰው የትም አገር ቢሄድ ያ ሽታ አይለቀውም።

የሰፈሩ ቡድን አምበል ሸዋንግዛው ልብስ ሰፊ ነበር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጨዋታ አዋቂ፤ ኳስ ሲይዝ በእግሩ፣ ኳስ ሲያጣ በአፉ የሚጫወት። ገረሱ ደግሞ የአጥር ጎረቤቱና የልብ ጓደኛው ነው። ገረሱ ዳቦ ቤት ይሠራል፤ ትኩሱን ዳቦ በባዶ እጁ የሚያገላብጥ፣ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ሸዋንግዛው ጎል ያገባል፣ ገረሱ በር ይጠብቃል። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው። አሸዋው የገረሱን ዳሌ እየላጠ ሲያስቸግረው፣ ሸዋንግዛው ቁምጣውን ወስዶ በግራና በቀኝ ጥጥ ጠቀጠቀበት።

«በል፣ ከእንግዲህ ፍራሽ ለብሰህ ውደቅ!» አለው።

ገረሱ ያን ቁምጣ ለጨዋታ ካልሆነ በቀር ለብሶት አያውቅም።

ጎል ሲገባ ሰፈሩ ሸዋንግዛውን ተሸክሞ ይጨፍራል። ገረሱ ከሁለቱ ድንጋዮች መሃል ቆሞ ከሩቅ ያጨበጭባል። እሱንስ ማን ይሸከመዋል ያለ ሰው አልነበረም፤ ሸዋንግዛውም አላለም።

አንድ ዓመት ከሐረር መልእክት መጣ። በጥር የሰፈሮች ውድድር አለና ገንደ ሐርቡም ቡድን ይላክ ተባለ። ሐረር ሣር ያለው ሜዳ አላት፤ መረብ ያለው ጎል አላት፤ ሰው ሁሉ ልቡ ተነሳ። ችግሩ፣ የተጠራው አንድ ቡድን ነው፤ የሰፈሩ ተጫዋች ደግሞ ለሁለት ይበቃል። ተመካከሩና፣ ለሁለት ተከፍለን እንጋጠም፣ ያሸነፈው ይሂድ አሉ። አንዱ አምበል ሸዋንግዛው ሆነ። ሌላው ኢድሪስ፣ በባቡር ጣቢያው መጋዘን የሚሠራ ቀዝቃዛ ሰው ነው። አምበሎቹ በየተራ አንድ አንድ ሰው እየጠሩ ቡድናቸውን እንዲሞሉ ተስማሙ።

ሸዋንግዛው ሳምንቱን ሙሉ ጨርቁን በመቀስ እየቀደደ በሐሳቡ ቡድን ሲሰፋ ሰነበተ። ደንበኛ እየለካ እንኳ፣ «ጀማል ጥይቱ ከፊት፣ ግራኙ ተፈራ ከጎን...» እያለ ያጉተመትማል። አንድ ጠዋት ገረሱ ትኩስ ዳቦ ይዞለት ጎራ አለ።

«እና ማንን ማንን ትጠራለህ?» አለው።

«አጥቂውን ጠራርጌ ነው የምወስደው አቦ! ሐረርን በጎል አጥለቀልቃታለሁ።»

«በረኛስ?»

ሸዋንግዛው ሳቀና ትከሻውን መታው። «በረኛ ደግሞ ማን ይሻማዋል? አንተ እንደሆንክ የኔ ነህ። መጨረሻም ብጠራህ የኔ ነህ።»

ገረሱ ፈገግ አለና ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከሌላው ቀን ቶሎ መሄዱን ሸዋንግዛው ልብ አላለውም።

የምርጫው ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወንዝ ዳር ወጣ። አዴ መይራም የዘይት እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሳንቲሙን ወደ ላይ ወረወረች። ሸዋንግዛው «ዘውድ!» አለ፤ ዘውድ ሆነለት።

«ጀማል ጥይቱ!» ብሎ ጮኸ። ጀማል እየሮጠ መጥቶ ከጎኑ ቆመ። ሰዉ አጨበጨበ።

ኢድሪስ ረጋ ብሎ፣ «ሐሰን» አለ። ሐሰን ተከላካይ ነው። ተከላካይ በመጀመሪያ ሲጠራ ታይቶ አይታወቅምና ከዳር ሳቅ ተሰማ።

ተራው ተመልሶ ለሸዋንግዛው ደረሰ። ገረሱ ያቺን ጥጥ ያለባትን ቁምጣ ለብሶ፣ አንድ እግሩን ወደፊት አራምዷል። ሸዋንግዛው አየው፤ ስሙ አፉ ላይ ደርሶም ነበር። ነገር ግን ከገረሱ ጀርባ ግራኙ ተፈራ ቆሟል፤ ኢድሪስ ተፈራን ያየው መሰለው። ለገረሱ ዓይኑን ጠቀስ አደረገለትና «ተፈራ!» አለ። ገረሱ ያራመደውን እግሩን መለሰ።

ኢድሪስ የመሃል ተጫዋች ወሰደ። ቀጥሎ ሸዋንግዛው በጭንቅላቱ የሚያገባውን ዳኛቸው ቁመቱን ጠራ። ሰዉ አሁንም አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ደግሞ እንደ ጠላ ራሱ ላይ ወጣበት። ገረሱን ዞር ብሎ ሳያየው ቀረ።

«ገረሱ» አለ ኢድሪስ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ሸዋንግዛው የሰማው ስላልመሰለው፣ «ማን?» አለ።

«ገረሱን ጠራሁ።»

«ኧረ አቦ! ገረሱ የኔ ነው! ይኼን የማያውቅ አለ?»

«ያንተ ከሆነ ለምን አልጠራኸውም?»

ሸዋንግዛው ወደ ሾላው ዞረ። ድሬ ላይ ትልቅም ትንሽም አንተና አንቺ ነውና፣ «አዴ፣ አንቺ ፍረጂን!» አለ።

አዴ መይራም ወንፊቷን ይዛ ገረሱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ስሙን የጠራው ኢድሪስ ነው» አለች። «እኔ የሰማሁትን ነው የምፈርደው።»

ገረሱ ቀስ ብሎ አሸዋውን አቋርጦ ኢድሪስ ጎን ቆመ። ሸዋንግዛው ያን ያህል አጭር መንገድ ያን ያህል ረዝሞ አይቶ አያውቅም።

የቀሩት ተጠርተው አለቁ። ከሸዋንግዛው ወገን አንድም በረኛ አልተገኘም። ገንደ ሐርቡ ከገረሱ ሌላ በረኛ ኖሯት አያውቅም፤ እሱ ስላለ መልመድ ያስፈለገው ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ ዳኛቸው ረጅም ነህ፣ አንተ ግባ» አለ ሸዋንግዛው።

«እኔ? ለማግባት አይደለም እንዴ የጠራኸኝ?»

«ለዛሬ ብቻ።»

ዳኛቸው እያጉረመረመ ገባ። ቁመቱ አስተማማኝ ነበር። ኳስ ሲመጣበት ግን ዓይኑን ይጨፍናል።

ጨዋታው በተጀመረ ጊዜ ያ የአጥቂ መንጋ ወንዙን እንደ ጎርፍ ሞላው። ጀማል ይበራል፣ ተፈራ ይጠመዝዛል፣ ሸዋንግዛው እንደ መርፌ ይሾልካል። ገረሱ ግን ወደቀ፣ ተነሳ፤ ወደቀ፣ ተነሳ። መዳፉ ያልደረሰባትን በደረቱ፣ ደረቱ ያልደረሰባትን በጉልበቱ መለሳት። በብዙ ግርግር ሁለት ጎል ገባበት። የኢድሪስ ሰዎች በበኩላቸው እንደ ግመል ረጋ ብለው ወደፊት ይወጡና ወደ ድንጋዮቹ መሃል ይለጋሉ፤ ዳኛቸው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ኳሷ ታልፋለች።

«ዓይንህን ክፈት እንጂ!» ይላል ሸዋንግዛው።

«ከከፈትኩማ ትመታኛለች!»

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ሸዋንግዛው ተናዶ ዳኛቸውን አወጣና ተፈራን አስገባ። ተፈራ ላይም ገባ። ተፈራን አወጣና ጀማልን አስገባ። የሮጠውን ሁሉ የሚቀድመው ጀማል፣ መቆም ግን አልቻለበትም፤ ከድንጋዮቹ ርቆ ኳስ ሊቀማ ሲወጣ ባዶውን በር አግኝተው አገቡበት። አግቢዎቹ አንድ በአንድ በረኛ እየሆኑ፣ ከፊት የቀረው ሸዋንግዛው ብቻ ሆነ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ኳሷ ብቻውን አገኘችው። ተከላካዮቹን አለፈ። ከፊቱ ገረሱ ብቻ። ልጅ ሆነው ያንን ስንት ጊዜ ተጫውተውታል! ሸዋንግዛው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ አሳይቶ ወደ ግራ ይመታል፤ ገረሱ ያውቃል፣ ሸዋንግዛውም ማወቁን ያውቃል። ወደ ቀኝ አሳየ። ገረሱ ግን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላለም፤ ቀጥ ብሎ መጥቶ እግሩ ሥር ተዘረጋ። አሸዋው እንደ ጭስ ተነሳ። ሲረግብ ኳሷ በገረሱ እቅፍ ውስጥ ናት፤ የቁምጣው ጎን ተቀዶ ነጩ ጥጥ ተበትኗል። ገረሱ ተነሳ፣ ጓደኛውን አላየውም፣ ኳሷን ወርውሮ ለኢድሪስ ሰጠ። ከዚያች ኳስ የመጨረሻው ጎል ገባ፤ የኢድሪስ ወገን አሸነፈ።

ሰዉ በዚያ ቀን የተሸከመው ገረሱን ነበር። ከባድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጣሉት፤ እንደገና አነሱት። ሸዋንግዛው አሸዋው ላይ ተቀምጦ ሲያይ፣ ጓደኛውን ከፍ ብሎ ሲያየው የመጀመሪያው መሆኑ ገባው።

ሰዉ ሲበተን ገረሱ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለቱም ወንዙን ማየት ያዙ።

«ቁምጣህ ተቀደደ» አለ ሸዋንግዛው።

«ተቀደደ።»

«የኔ ነህ ብዬ ነበር እኮ።»

«ብለሃል» አለ ገረሱ። «እኔም ስትጠራኝ ጠብቄ ነበር። መጀመሪያ ጥራኝ አላልኩህም፤ ጀማል ከኔ ይሻላል። ተፈራንም ስትጠራ ይሁን አልኩ። ዳኛቸውን ስትጠራ ግን ሰዉ ሁሉ እያየኝ ነበር።» መዳፉ ላይ የቀረውን አሸዋ አራገፈ። «ኢድሪስ ሲጠራኝ ምን ተሰማኝ መሰለህ? ስሜን እንደ አዲስ የሰማሁት መሰለኝ።»

ሸዋንግዛው፣ ልጅ ሆኖም ያላለቀሰው ሰውዬ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ገረሱ ያንን አካፋ የሚያህል እጁን ትከሻው ላይ ጣለበት።

«ስጠኝ» አለ ሸዋንግዛው ፊቱን ጠርጎ። «ቁምጣውን ስጠኝ። ሐረር ተቀዶ አይሄድም።»

በማግስቱ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁሞ ያንን ሰፋ። አዲስ ጥጥ ሞላበት፤ ስፌቱን ደጋገመው። የሐረሩ መኪና በሚነሳበት ጠዋት ራሱ አደረሰለት። ተቃቅፈው ተለያዩ። መኪናው ወደ ዳገቱ ሲወጣ ገረሱ በመስኮት እጁን አውጥቶ እያውለበለበ ሄደ። ያ ሰፊ መዳፍ ኩርባው እስኪሰውረው ድረስ ይታይ ነበር።

ሐረር ላይ ቡድኑ እስከ ፍጻሜው ደረሰ። ዋንጫውን ሌላ ወሰደው። ገረሱን ግን ያየ ሁሉ ወደደው፤ የአንድ ፋብሪካ ቡድን ሥራ ሰጥቶ እዚያው አስቀረው። አገባ፣ ወለደ፣ ሐረሬ ሆነ። ለበዓል ሲመጣ ሸዋንግዛው ቤት ሳያድር አይመለስም፤ እስኪነጋ ሲያወሩ ሚስቶቻቸው ይሰለቻሉ። ወዳጅነቱ አልጎደለም። በዚያ አሸዋ ላይ ግን አንድ ላይ የተጫወቱበት ቀን ከዚያ ወዲህ አልመጣም። የመጨረሻው ጨዋታቸው፣ ወዲህና ወዲያ ሆነው የተጋጠሙባት ያቺው ናት።

ከዚያ ጨዋታ በዓመቱ ጎርፉ ጎድሎ የወንዙ ሆድ ሲደርቅ፣ የገንደ ሐርቡ ሰዎች እንደገና ሱሪያቸውን ጠቅልለው ወረዱ። ሸዋንግዛውና ኢድሪስ ለጨዋታ ያህል ሊከፋፈሉ ቆሙ። አዴ መይራም ሳንቲሙን ወረወረች፤ ዕጣው ለሸዋንግዛው ወጣ። ጀማል ጥይቱ ሊጠራኝ ነው ብሎ ቀበቶውን አጠበቀ። ሸዋንግዛው ግን አፉን ከፈተና ዝም አለ። ዓይኑ ከሁለቱ ድንጋዮች መሃል ያለው ባዶ ቦታ ላይ ቀርቷል። ነፋሱ አሸዋውን እያንሳፈፈ በዚያ በኩል ያልፋል።

ወደ ሰፈሩ በቅርብ የመጣ አንድ አስተማሪ ባጅያውን ይዞ ሾላው ሥር ቆሞ ነበርና፣ «ምነው አዴ፣ ሰውዬው ዝም አለ? የሚጠራው ሰው አጣ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

አዴ መይራም ወንፊቷን ከዘይቱ አወጣች፤ ሸዋንግዛውን አየችው፤ ድምፅዋንም እሱ እንዳይሰማ ዝቅ አደረገች።

«ተወው ልጄ፣ ባለፈው ዓመት አግቢ ሲያማርጥ በረኛ አስነጠቀ።»