ዝንጀሮ ጥጃ የሆነ ዕለት

ተረት ተረት በሉኝማ፣ የላሟን በረት ልክፈትላችሁ።

ድሮ አንድ ሁሉን አዋቂ ዝንጀሮ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አደይ የምትባል ላም ከነጥጃዋ እጁ ገባችለት፤ እሱም ወዲያው ራሱን የበረት ጌታ ብሎ ሰየመ። መጀመሪያ ያወጣው ሕግ ጥጃው ከእናቱ ጡት እንዳይደርስ የሚል ነበር፤ ወተት ያባክናላ!

ትዕግሥተኛዋ አደይ፣ «ጌታዬ፣ ጥጃዬ አስቀድሞ ትንሽ ካልጠባ ወተቴ አይወርድም፤ እሱም ይሞትብኛል» ብላ ለመነችው።

ዝንጀሮውም በሐዘኔታ እያያት፣ «አንቺ እኮ ላም ነሽ፤ ስለ ወተት ምን ታውቂያለሽ?» አላት።

ጥጃው በረሃብ ሞተ። አደይ ስታለቅስ ሰነበተች፤ ወተቷም ጠብ አልል አለ። ዝንጀሮው ቢያባብላት፣ ቢዘፍንላት ምንም አላገኘም። በመጨረሻ ታላቅ ዘዴ መጣለት። የጥጃውን ቆዳ ለበሰና «እምቧ!» እያለ ከጡቷ ሥር ገባ። አደይም የልጇ ሽታ ሲመጣባት ሆዷ ባባ፤ ቆዳውን ትልሰው ጀመር።

አመሻሹ ላይ ሆዳሙ ጅብ ያን «እምቧ» ሰምቶ መጣ። በረቱን የዘጋው አልነበረም፤ ጌታው ጥጃ ሆኗላ። ጅቡ ጀርባውን ይዞ ሲጎትተው ዝንጀሮው፣ «ኧረ ተወኝ! እኔ ጥጃ አይደለሁም፤ የበረቱ ጌታ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

ጅቡም፣ «እስካሁን የበላሁት ጥጃ ሁሉ እንደዚሁ ነው ያለኝ» አለና ይዞት ወደ ጫካ ገባ።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በአሬራ አርሱ።