የቲሼሪ ወገን

በአንድ ወቅት፣ ዓባይ ከወትሮው አብልጦ በሞላበት ክረምት፣ ወለተ ሐና የምትባል ጎጃሜ ሴት በግብፅ ምድር፣ ከአስዋን በታች ባለች መንደር ትኖር ነበር። ኢየሩሳሌምን ልትሳለም ወጥታ ሕመም መንገድ ላይ አስቀራት። ከዳነች በኋላም ለመንደርተኛው ጥጥ እየፈተለች ሰባት ዓመት ኖረች። ቋንቋቸውን ለመደች፤ እነሱም «እማማ» ይሏታል።

አንድ ጠዋት ውሃው የወንዙን ዳር ናደው። ከተናደው አፈር ውስጥ የጥንት ዘመን የሬሳ ሣጥን ወጣና ጎርፉ ይዞት ሄደ። ይህን ያየው ሹክሪ የሚባል ኑብያዊ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ከነልብሱ ዘሎ ገባ። ሁለት ጊዜ ሰጠመ፣ ሁለት ጊዜ ብቅ አለ፤ በመጨረሻ ሣጥኑን አቅፎ ወጣ። ክዳኑ ላይ የአንዲት ልጃገረድ ፊት ተቀርጾበታል። ቀለሙን ውሃ አጥቦት ባዶ እንጨት ሆኗል። ሹክሪ ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠ።

«ይህ ጉንጭ የሟች እህቴ ጉንጭ ነው» አለ። «ይህች ልጅ እንደ እኛ ጥቁር ነበረች። የእኛ ናት።»

ወሬውን ሰምቶ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን ቢሾይ መጣ። በሣጥኑ አንገት ላይ ጽሑፍ ያለባት ትንሽ የእንጨት ምልክት ታስራ አገኛት። ለሌላው ሰው ጭረት ብቻ ነበረች። እሱ ግን ጭቃውን በምራቁ እያራሰ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ እስከ ቀትር ተቀመጠና አነበባት።

«‹ቲሼሪ› ይላል። ‹ልጅቱ› ማለት ነው። እኛ ቅብጦች ዛሬም የምንጸልየው በዚሁ ቋንቋ ነው።»

ከዚያም ጎንበስ ብሎ በስሟ ጠራት። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ የጠራት አልነበረም።

ውሃው ግን እየጨመረ ሄደ። በመንደሩ ደረቅ ሆኖ የቀረው ከፍታ የገበሬው የአብድልመውላ ማሳ ብቻ ነው። በላዩ ያለው ገና ያልደረሰ ማሽላ የልጆቹ የዓመት ቀለብ ነበር። አብድልመውላ ማንንም ሳያማክር መሃሉን ነቅሎ መቃብር ቆፈረ። ጎረቤቶቹ አንተ ዐረብ ነህ፣ ከእሷ ጋር ምን አገናኘህ አሉት።

«ስማችን ተለውጧል፤ ቋንቋችንም ተለውጧል» አለ ዶማውን ተደግፎ። «ከዚህ አፈር ግን ተነስተን አናውቅም። እንደ ልጆቼ ቀይ ዳማ ነበረች፤ የዚሁ አፈር ልጅ ናት።»

በዚያ አገር ልማድ በሟች ላይ የመጀመሪያዋን ዕፍኝ አፈር የሚበትነው የቅርብ ዘመድ ነው። ሣጥኑ ከወረደ በኋላ ሦስቱም አፈር ዘግነው ቆሙ። አልተሰዳደቡም፤ ግን አንዱም ለሌላው አልለቀቀም። በመጨረሻ ወደ ወለተ ሐና ዞሩ። እርስዎ ከማናችንም ወገን አይደሉምና ይፍረዱልን አሏት።

ወለተ ሐና ወደ ጉድጓዱ ወርዳ ክዳኑ ላይ በተቀረጸው ፊት የቀረውን ጭቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ያ ባዶ እንጨት በመንገድ ላይ አሸዋ ውስጥ የቀበረቻትን፣ ዛሬ ብትፈልግ መቃብሯን የማታገኘውን ልጇን መሰላት። ዓይኖቿ እንኳን እንደዚያው ነበሩ። ይህን አልተናገረችም፤ ጎጃሜ እዚህ ምን መብት አላት ብላ አፈረች። ከጎርፉ ካዳነችው ጓዟ መሃል ለራሷ መገነዣ ብላ ያስቀመጠችውን አዲስ ኩታ አምጥታ አለበሰቻት።

«እኔ እንግዳ ነኝ፣ ልጆቼ» አለቻቸው። «እንግዳ በሰው ልጅ አይፈርድም።»

ውሃው የማሳውን ጥግ ሲነካ አራቱም እንደቆሙ ነበሩ። ሹክሪ መልኳን አውቆ ከሞት ጋር ታገለላት፤ ቢሾይ ስሟን መለሰላት፤ አብድልመውላ የልጆቹን ጉርሻ ነቅሎ ማረፊያ ሰጣት። ወለተ ሐና ደግሞ የኔ ናት ሳትል መገነዣዋን አለበሰቻት። እናንተ ብትሆኑ፣ የመጀመሪያዋን ዕፍኝ አፈር ማን ይበትን ትላላችሁ?